ከተከዳች በኋላም በሯን ያልዘጋችው ኮሪ ቴን ቡም

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የሚገኘውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ብዙዎቻችን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ሳምራዊው የማያውቀውን ሰው ለመርዳት ጊዜውንም ገንዘቡንም ከፍሏል። ነገር ግን እርዳታ ሊጠይቀን የመጣው ሰው አታላይ ቢሆንስ? ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ብቻ ሳንሆን አባታችንና እህታችንም ቢሆኑስ? የኮሪ ቴን ቡም ሕይወት ከዚህ ከባድ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት ያገናኘናል። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጦርነቱ በፊት የተከፈተ በር

ኮሪ በ1892 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ተወለደች። ያደገችው ሃርለም በምትባል ከተማ ነው። አባቷ ካስፐር ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ ነበር። እርሷም የአባቷን ሙያ ተምራ በ1922 ዓ.ም. በአገሯ የሰዓት ሠሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አያቷ በ1844 ዓ.ም. በዚያው ቤት ለአይሁድ ሕዝብ የሚጸለይበት ጉባኤ ጀምረው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተሰቡ የተራቡ የጀርመን ልጆችን ተቀብሎ አሳድሯል። ኮሪም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ቃለ እግዚአብሔርን ታስተምር ነበር። ይህ ቤት ለእንግዳ የተከፈተው በጦርነቱ ጊዜ አልነበረም፤ አስቀድሞም ክፍት ነበር።

በሩ ሲንኳኳ

ናዚ ጀርመን ሆላንድን በ1940 ዓ.ም. ወረረች። በ1942 ዓ.ም. አንዲት አይሁዳዊት ሴት ሻንጣዋን ይዛ በራቸውን አንኳኳች። ባሏ ታስሯል፣ እርሷም ወደ ቤቷ መመለስ ፈርታለች። አይሁዳዊ ማስጠጋት ለእስርና ለሞት እንደሚዳርግ ቤተሰቡ ያውቅ ነበር። ሆኖም አባት ካስፐር ሴትዮዋን ያለ ማመንታት አስገቧት። ከእርሷ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ።

ትልቁ ችግር ምግብ ነበር። ምግብ የሚገዛው በራሽን ካርድ ሲሆን የተደበቁት አይሁዶች ካርድ አልነበራቸውም። ኮሪ በራሽን ቢሮ ወደሚሠራ አንድ ሰው ሄደች። የሰውየው ልጅ ኮሪ ከምታስተምራቸው ልጆች አንዷ ስለነበረች ይተዋወቃሉ። አምስት ካርድ ልትጠይቅ አስባ ከአፏ የወጣው ግን መቶ ነበር። ሰውየውም ቢሮው የተዘረፈ እንዲመስል ራሱን በጓደኛው እጅ አስደብድቦ ካርዶቹን አመጣላት። ትናንት ለአንዲት ልጅ የተዘራው ፍቅር ዛሬ ለመቶ ሰው እንጀራ ሆነ።

ኮሪ በ1971 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፏ እኛን መጋቢዎችን ሊያስደነግጠን የሚገባ ታሪክ ጽፋለች። አንድ መጋቢ ሰዓት ለማሠራት ወደ ሱቁ መጣ። ኮሪ አንዲትን አይሁዳዊት እናት ከአራስ ልጇ ጋር እንዲያስጠጋ ለመነችው። ሕፃኑን አምጥታ ብታሳየው ልቡ ለአፍታ ራራ፤ ነገር ግን ለሕይወታቸው አስጊ መሆኑን ተናግሮ እምቢ አለ። አረጋዊው ካስፐር ያንን ሕፃን ታቅፈው፣ በእርሱ ምክንያት ሞት ቢመጣ ለቤተሰባቸው ታላቅ ክብር እንደሆነ ተናገሩ። ልዩነቱ በእውቀት አልነበረም፤ ሁለቱም አደጋውን ያውቁ ነበር።

በሌላ ጊዜ ደግሞ አስም ያለባቸው አንዲት አሮጊት መጡ። የትንፋሻቸው ድምፅ የተደበቁትን ሁሉ ሊያስይዝ ስለሚችል የሚቀበላቸው አልተገኘም። ኮሪ ግን ብቻዋን አልወሰነችም። በቤቱ የተደበቁትን ሁሉ ሰብስባ ሐሳባቸውን ጠየቀች፤ እነርሱም አሮጊቷ እንዲቀመጡ ተስማሙ። የሚከፍሉት ሁሉ መክረው ወሰኑ ማለት ነው።

ደግነታቸው ጥንቃቄ የጎደለው አልነበረም። በኮሪ መኝታ ክፍል ውስጥ የሐሰት ግንብ ተሠርቶ ከኋላው ጠባብ መደበቂያ ተዘጋጀ። የማስጠንቀቂያ ደወል ተገጠመ፤ ሁሉም በፍጥነት መደበቅን ተለማመዱ።

600 ጊልደር

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1944 ዓ.ም. ኮሪ በኢንፍሉዌንዛ ታማ ተኝታ ሳለ አንድ የማታውቀው ሰው መጣ። ሚስቱ አይሁዶችን ስለደበቀች መታሰሯን፣ ፖሊሱን በጉቦ ለማስለቀቅ 600 ጊልደር እንደሚያስፈልገው ነገራት። ዓይኗን ደፍሮ ማየት ስላልቻለ ጠረጠረችው። ቢሆንም ታሪኩ እውነት ቢሆን ሴትዮዋ ትሞታለች ብላ ገንዘቡ እንዲሰጠው አደረገች። ሰውየው ግን የናዚ ጠቋሚ ነበር። በዚያው ቀን ጌስታፖ ቤቱን ወረረ።

ኮሪና እህቷ ቤትሲ መደበቂያውን እንዲያሳዩ ተደበደቡ፤ አልተናገሩም። ከግንቡ ኋላ የነበሩት ስድስት ሰዎች ሳይገኙ ቀርተው በኋላ አመለጡ። ቤተሰቡና ወደ ቤቱ የመጡ ሌሎች፣ በድምሩ 30 ያህል ሰዎች ታሰሩ። አባት ካስፐር ዕድሜያቸው ታይቶ፣ ችግር አልፈጥርም ካሉ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ተጠይቀው ነበር። እርሳቸው ግን ነገም ለሚያንኳኳ ሁሉ በራቸውን እንደሚከፍቱ ገለጹ። ከአሥር ቀን በኋላ በ84 ዓመታቸው በእስር ላይ አረፉ። ቤትሲ በዲሴምበር 1944 ዓ.ም. ራቨንስብሩክ በተባለው የማጎሪያ ካምፕ ሞተች። ኮሪ ከጥቂት ቀናት በኋላ በጽሕፈት ስህተት ተፈታች። ወንድሟ ቪለም በእስር ቤት በያዘው በሽታ በ1946 ዓ.ም. ሞተ፤ የእርሱም ልጅ ከማጎሪያ ካምፕ አልተመለሰም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ኮሪ ከዚህ ሁሉ በኋላ በሯን ብትዘጋ ማን ይፈርድባት ነበር? እርሷ ግን ከጦርነቱ በኋላ ከካምፕ የተረፉ ሰዎች የሚያገግሙበት ቤት አቋቋመች። የሃርለሙን ቤቷን ደግሞ ከናዚዎች ጋር ተባብረው ስለነበር ሁሉም ለሸሻቸው ሰዎች መጠጊያ አደረገችው። አሳልፎ ለሰጣቸው ጠቋሚም ይቅርታዋን በደብዳቤ ላከች። በ1947 ዓ.ም. በሙኒክ ከተማ ስለ ይቅርታ ካስተማረች በኋላ የራቨንስብሩክ ጠባቂ የነበረ ሰው እጁን ዘረጋላት። እጇ አልታዘዝ አላት፤ በልቧ ወደ ጌታ ጸልያ ግን ጨበጠችው። በእስራኤል አገር የሚገኘው ያድ ቫሼም በ1967 ዓ.ም. አይሁዶችን ካዳኑ ጻድቃን መካከል ቆጥሯታል። ከ60 በላይ አገሮች ዞራ አገልግላ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1983 ዓ.ም. 91 ዓመት በሞላት በልደቷ ቀን ወደ ጌታ ሄደች።

እኛስ?

በአገራችን መሽቶበት ደጃፍ የሚቆም መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ይል ነበር፤ ባለቤቱም ቤት የእግዚአብሔር ነው ብሎ ያስገባዋል። ዛሬ ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ ተታለናል። ለሕክምና ብሎ የወሰደው ገንዘብ ለሌላ ነገር ውሎ አይተናል። ከዚያ ወዲህ ጥበብ ብለን የምንጠራው ነገር አንዳንድ ጊዜ ፍርሃት ነው።

ኮሪ ተጠንቅቃለች፣ ከቤተሰቧ ጋር መክራለች፣ ዋጋውንም አስቀድማ ተምናለች። ሆኖም አንድ አታላይ ከእርሱ በኋላ በሚመጣው እውነተኛ ችግረኛ ላይ በሯን እንዲዘጋባት አልፈቀደችም። ወገኖቼ፣ የነገው እንግዳ የትናንቱን ዕዳ እንዲከፍል አናድርግ። በሩ ሲንኳኳ ለመክፈት የሚደፍር ልብ ጌታ ይስጠን። አሜን።