ሕመም የማይሰማቸው እጆች፦ የዶክተር ፖል ብራንድ ሕይወትና ሥራ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ላይ ኑሮ የሚገፋው በእጅ ነው። እርፍ የሚጨበጠው፣ ሩዝ የሚታረመውና የሚታጨደው፣ ሽንኩርት የሚነቀለው፣ ላም የምትታለበው በእጅ ነው። ወረታ ገበያ የወጣ ሰውም ገንዘቡን የሚቆጥረው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ነው። እንዲህ ባለ አገር ጣቶቹ ታጥፈው አልዘረጋ ያሉት ገበሬ የሚያጣው አንድ የአካል ክፍል ብቻ ሳይሆን የእርሻ ሥራውንና የቤተ ሰቡን እንጀራ ጭምር ነው። ጉዳቱ የደረሰበት በሥጋ ደዌ ምክንያት እንደ ሆነ ደግሞ ከሥራው በተጨማሪ ጎረቤቱንና ዘመዱንም ሊያጣ ይችላል።

ይህ በሽታ በአገራችን ምን ያህል ይፈራ እንደ ነበር ሌሊት በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙትን ላሊበሎች ማስታወስ ይበቃል። እነዚህ ሰዎች ዜማቸውን ካቋረጡ በሥጋ ደዌ ይያዛሉ፣ በሽታውም በዘር ይወርዳል የሚለው እምነት ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖሯል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ ካገኙበት ከ1873 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኋላም ቢሆን ሐኪሞች ራሳቸው አንድ ስሕተት ይዘው ቆይተዋል። ይኸውም የሕሙማኑ ጣቶች የሚያጥሩት በሽታው ሥጋቸውን ስለሚበላው ነው፤ እንዲህ ያለ ሥጋ ደግሞ በቢላዋ ቢነካ አይድንም የሚለው አስተሳሰብ ነው። ይህን አስተሳሰብ በማስረጃ ካፈረሱት ሰዎች መካከል የላቀውን ስፍራ የያዙት እንግሊዛዊው የእጅ ቀዶ ጥገና ሊቅ ዶክተር ፖል ብራንድ ናቸው።

ፖል ዊልሰን ብራንድ ጁላይ 17 ቀን 1914 በደቡብ ሕንድ፣ ኮሊ በሚባሉት ተራሮች ላይ ተወለዱ። ወላጆቻቸው በዚያ ገለልተኛ አገር እየሰበኩ፣ ቤት እየሠሩ፣ በቻሉት መጠንም በሽተኛ እያከሙ የሚኖሩ ሚሲዮናውያን ነበሩ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላከ። አባቱን ከዚያ በኋላ አላየም፤ በ1929 በወባ ምክንያት በሚመጣ ትኩሳት በዚያው በሕንድ ሞቱ። ፖል ብራንድ ትምህርት ቤት ሲጨርሱ የአባታቸውን ፈለግ በመከተል ሕክምናን ሳይሆን የግንባታን ሥራ መረጡ፤ ጥቂት ዓመታትም አናጢነትና ግንበኝነት ሲማሩ አሳለፉ። ብዙዎች ይህን ጊዜ ከዋናው መንገድ መውጣት አድርገው ይቈጥሩት ይሆናል። ነገር ግን እንጨቱ በሚፈቅደው አቅጣጫ የማይልግ አናጢ ሥራውን እንደሚያበላሽ የተማሩት በዚያ ነው፤ ኋላም በጅማትና በመገጣጠሚያ ላይ ሲሠሩ ይህ ልማድ አልተለያቸውም።

ለሚሲዮናዊነት ሲዘጋጁ የወሰዱት አጭር የሕክምና ትምህርት ግን ልባቸውን ሳበው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ሕክምና ተማሩ፤ ኋላ የዓይን ሐኪም የሆኑትንና የሕይወትም የሥራም ጓደኛቸው የነበሩትን ማርጋሬት ቤሪንም ያወቁት በዚያው ነው። ሁለቱም የተጋቡት በ1943 ነው፤ ብራንድም በጦርነቱ ዘመን የቀዶ ጥገና ሐኪምነት ማዕርጋቸውን አገኙ። ለንደን በቦምብ በምትደበደብበት በዚያ ዘመን ለወጣት ሐኪም ከቍስለኞች የሚበልጥ መምህር አልነበረም። በ1946 ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው በቬሎር ክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅ ቀዶ ጥገና ማስተማር ጀመሩ።

የሕይወታቸው አቅጣጫ የተለወጠው በ1947 የሥጋ ደዌ ሊቅ የነበሩት ዶክተር ሮበርት ኮክሬን በማድራስ አጠገብ ያለውን የቺንግልፑት ሆስፒታል ባስጐበኙአቸው ጊዜ ነው። በዚያ የታጠፉ፣ ያጠሩና የቈሰሉ እጆችን በብዛት አዩ። ከሕሙማኑ አንዱን እጃቸውን እንዲጨብጣቸው ሲጠይቁት፣ ደካማ መስሎ የታያቸው እጅ የሚያሳምም ኀይል ይዞ አገኙት። እጁ ሽባ ከሆነ ይህ ጕልበት ከየት መጣ? የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ይህን ጕዳይ አጥንተውት እንደ ሆነ ሲጠይቁም እንዳላጠኑት ተነገራቸው። በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎችን እጅ የሚያሰናክል በሽታ ከቀዶ ጥገና ሊቃውንት አንድ ተመራማሪ እንኳ አላገኘም ነበር።

ብራንድና ባልደረቦቻቸው የብዙ ሕሙማንን እጅ ጡንቻ በጡንቻ መረመሩ፤ የሞቱትንም አስከሬን እየከፈቱ ነርቮችን ከላይ እስከ ታች ተከተሉ። ያገኙት ሥርዓት ያለው ነገር ነበር። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ስለሚመርጥ ነርቮቹ የሚያብጡትና የሚሞቱት ወደ ቈዳ ቀርበው በሚያልፉበት ቦታ ነው፤ አልናር የሚባለው ነርቭ ከክርን ከፍ ብሎ፣ ሚዲያን የሚባለው ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ ይጐዳሉ። በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ሲሞቱ ጣቶቹ እንደ ንስር ጥፍር ይቈለመማሉ። ከጉዳቱ በላይ ነርቭ የሚያገኙት የክንድ ጡንቻዎች ግን ጤናማ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ከእነዚህ ከጤነኞቹ የአንዱን ጅማት አላቅቆ፣ በሌላ ጅማት አስረዝሞ፣ ከጣቶቹ ጋር ማያያዝ ይቻላል ማለት ነው። የጅማት ዝውውር ቀድሞም በጦር ቍስለኞች ላይ ይሠራበት የነበረ ዘዴ ነው፤ የብራንድ ሥራ ዘዴውን ማንም ደፍሮ ባልነካው እጅ ላይ መፈጸምና ለዚያ እጅ እንዲስማማ አድርጎ ማሻሻል ነበር። ቍስሉ እንደ ማንኛውም ሰው ቍስል ዳነ። በ1952 በለንደን ንጉሣዊ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ኮሌጅ በሰጡት የሐንተር መታሰቢያ ትምህርትም ሥራቸውን ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ።

ከቀዶ ጥገናው ስኬት በኋላ ግን ሌላ ችግር መጣ። ጣቶቻቸው የተቃኑላቸው ሕሙማን አዲስ ቍስል ይዘው ይመለሱ ጀመር። ብራንድ ምክንያቱን የተረዱት በትዕግሥት በመመልከት ነው። አንድ ጊዜ የዛገ ቍልፍ አልከፈት ብሏቸው ሲታገሉ አንድ ልጅ መጥቶ ያለ ችግር አዞረው፤ ጣቱ ግን እስከ አጥንቱ ተቀዶ ይደማ ነበር። ልጁ ይህን አላወቀም። ከዚያ ወዲያ የእያንዳንዱን ቍስል መነሻ መዝግበው ሲከታተሉ የተገኘው ውጤት ግልጽ ነበር፦ ጣት የሚያጥረው ሥጋው ስለ ተበላ ሳይሆን የሕመም ስሜት ስለ ጠፋና ሰውየው ሳያውቅ ራሱን ስለሚያቃጥል፣ ስለሚቈርጥ፣ ቍስሉም እያመረቀዘ አጥንቱን ስለሚጨርሰው ነው። ሌሊት በመኝታቸው ላይ ጣታቸውን አይጥ የበላባቸው እንኳ ተገኙ፤ ለዚህም ወደ ቤቱ የሚመለስ ሕመምተኛ ድመት ይዞ እንዲሄድ ተደረገ። በእኛም አገር ድስት ከእሳት ላይ ያለ ጨርቅ አውርዳ፣ የተቃጠለ ሥጋ ሲሸታት ብቻ እጇን የምታይ ሴት የምትደርስበት ጉዳት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ብራንድ ከዚህ የተማሩት የሐኪሙ ሥራ በቀዶ ጥገናው ክፍል እንደማያልቅ ነው። በቬሎር አዲስ ሕይወት የሚባል መንደር አቋቋሙ፤ ሕሙማኑ እንደ ገጠር ሰው በትናንሽ ቤቶች እየኖሩ፣ በተቃናው እጃቸው አናጢነትና ሌላም ሙያ እየተማሩ፣ በዓይናቸው ሕመምን ተክተው እጃቸውን መጠበቅ ይለማመዱ ነበር። የአናጢነቱን ሥራ ያስተማሩት ብራንድ ራሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ሠልጥነው ከወጡት አንዳንዶቹ ሥራ አጥተው ተመለሱ። እጃቸው ቢድንም ፊታቸው በሽታቸውን ይናገር ነበር፤ ልመናም እንዳይለምኑ የዳነ እጅ ምጽዋት አያስገኝም። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ወደ ፊት ዞረ። የአፍንጫው ውስጣዊ ድጋፍ ፈርሶ የሰረጐደውን አፍንጫ ከላይኛው ከንፈር በታች ገብተው ከተጣበቀበት በማላቀቅ፣ በቈዳና በአጥንት ንቅለ ተከላ አነሡት። ለረገፈው ቅንድብ ከራስ ቅል ላይ ጠጕር ያለበትን ቈዳ ከነደም ሥሩ አሻገሩ፤ አንዳንዶቹ ሕሙማን በአዲሱ ቅንድባቸው ከመደሰታቸው የተነሣ ሳይከረክሙት ረዝሞ እንዲወርድ ይተውት ነበር። በጉንጭ አጥንት ላይ የሚያልፈው የፊት ነርቭ ተጐድቶ አልከደን ያለውን ዐይንም ከማየት እንዳይጠፋ መታደግ የባለቤታቸው የዶክተር ማርጋሬት ድርሻ ሆነ።

በእነዚሁ ዓመታት አንድ ሌሊት ብራንድ ራሳቸው ከረዥም ጕዞ በኋላ ለንደን ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ ተረከዛቸው ደነዘዘባቸው። በመርፌ ቢወጉት አልተሰማቸውም። በሽታው ያዘኝ ብለው ሌሊቱን ሙሉ ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው የሚለዩበትን ቀን ሲያስቡ አደሩ። ሲነጋ መርፌውን እንደ ገና ቢወጉ ከሕመሙ የተነሣ ጮኹ፤ በባቡር ብዙ ሰዓት በመቀመጣቸው ነርቩ ደንዝዞ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕመምን እንደ ጠላት አላዩትም።

ከሕንድ የተገኘው ትምህርት ለአፍሪካም እንዲዳረስ ማሠልጠኛ ማእከል ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ከዋነኞቹ አራማጆችና አማካሪዎች አንዱ ብራንድ ነበሩ። ማእከሉ በ1965 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቋቋመ፤ እርሱም አለርት በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው ነው። በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኒቨርሲቲውና በውጭ በጎ አድራጊ ድርጅቶች ትብብር የተመሠረተው ይህ ማእከል ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን አሠልጥኗል። በ1969 ከአጠገቡ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመሠረተ። ለሥጋ ደዌ እጅ የተስተካከለው ዘዴና አብሮት የመጣው የፊዚዮቴራፒ ልማድ በማጭድ ነርቩ ለተቈረጠበት ወይም በአደጋ እጁ ለተጐዳ ሰውም የሚያገለግል ነው።

ይሁንና ከወረታ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሩዙ በሚታጨድበት ወር ይህን መንገድ የሚጀምር ገበሬ ብዙ አይደለም። የብራንድ ትምህርት ለፎገራ ሜዳ የሚበጀውም ስለዚህ ነው። በኢትዮጵያ የጥምር መድኀኒት ሕክምና በ1983 ተጀምሮ፣ በ1999 በሽታው በአገር ደረጃ ከ10,000 ሰው ከአንድ ሕመምተኛ በታች ወርዷል፤ ቢሆንም በአማራ ክልል ዛሬም አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። መድኀኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የሞተ ነርቭ አያስነሣም። በጤና ጣቢያ የተቀመጠ ጤና ረዳት ግን የሕመምተኛውን ዐይን አስከድኖ መዳፉን በቀጭን የናይለን ክር ቢነካ፣ የትንሿን ጣት ብርታት ቢፈትን፣ የስሜቱ መጥፋት ስድስት ወር ሳይሞላው ቢደረስበት ነርቩ በፕሬድኒዞሎን ሊድን ይችላል። እንዲህ በጊዜው የተያዘ እጅ ቢላዋ አያስፈልገውም።

ብራንድ በ1966 ወደ አሜሪካ ሄደው በሉዊዚያና ግዛት ካርቪል በተባለው የመንግሥት ሆስፒታል ለሃያ ዓመት ሠሩ። በዚያ የስኳር በሽተኞች እግር በተመሳሳይ ምክንያት እንደሚቈስል ተገንዝበው፣ ብዙ እግሮች ከመቈረጥ የዳኑበትን የጄሶና የጫማ አያያዝ አስፋፉ። ከመሐንዲሶች ጋር ሆነውም ጓንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የሕመም ማስጠንቀቂያ ለመሥራት ብዙ ደከሙ። ነገር ግን ምልክቱ ሲያስቸግራቸው ሕሙማኑ ያጠፉት ነበር፤ ሥራውም ተተወ። በ1960 የላስከር ሽልማትን፣ በ1961 ከእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን ተቀብለዋል። በ1985 ያሳተሙት የእጅን እንቅስቃሴ በመካኒክ ሕግ የሚተነትነው መጽሐፋቸው ያ የአናጢነት ትምህርት በከንቱ እንዳልቀረ ያሳያል። በጡረታ ከተቀመጡባት ከሲያትል ከተማ ሳይወጡ ጁላይ 8 ቀን 2003 ዐረፉ።

እኚህ ሐኪም ከሥራቸው ትልቁን ክፍል የፈጸሙት ቀዶ ጥገናው ከተሳካ በኋላ ለምን እንዳልበቃ በመጠየቅ ነው። ጅማቱ ተዛወረ፤ ቍስል ተመለሰ፤ ቍስሉን ጠበቁ፤ ሥራ ታጣ፤ ሙያ አስተማሩ፤ ፊት ከለከለ፤ ፊቱንም ሠሩ። የተቃና ጣት በሆስፒታሉ መዝገብ እንደ ስኬት ሊጻፍ ይችላል፤ ብራንድ ግን ሰውየው ወደ ሥራውና ወደ ጎረቤቶቹ እስኪመለስ ድረስ ሕክምናው አልቋል አላሉም።