የቅስቱን ፉጨት ምክንያት ያገኘችው ሴት

በሐዋሳ ብየዳ ቤቶች ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ያንን ዓይን የሚወጋ ብርሃን ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ቅስት ነው። ብየዳ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓን አደባባዮች ያበራ የነበረው በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል የሚነድ ቅስት ነበር። ታዲያ ይህ መብራት በድንገት ያፏጭና ይርገበገብ ነበር። ምክንያቱን ያገኘችው ኸርታ አይርተን ናት።

ኸርታ እ.ኤ.አ. በ1854 በእንግሊዝ አገር ተወለደች። ሰዓት ሠሪው አባቷ በልጅነቷ ዕዳ ትቶ ስለሞተ እናቷ በልብስ ስፌት ቤተሰቡን አስተዳደረች። ካምብሪጅ ገብታ ሒሳብ ብታጠናም ዩኒቨርሲቲው በዚያን ጊዜ ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበርና ዲግሪዋን በ1881 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። በ1885 የኤሌክትሪክ መምህሯን ዊልያም አይርተንን አገባች።

ቅስቱ ሲነድ በአዎንታዊው ከሰል ጫፍ ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል። ኤሌክትሪኩ ሲጨምር ጉድጓዱ ይሰፋና አየር ይገባበታል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጂን ከጋለው ከሰል ጋር ሲገናኝ ፉጨቱ ይነሳል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። አየር እንዳይደርስ ሲደረግ ቅስቱ ዝም ይላል። ይህንን በ1899 ለእንግሊዝ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ራሷ አቀረበች፤ የማኅበሩም የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች።

በ1902 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ታጨች። የማኅበሩ የሕግ አማካሪዎች ግን ያገባች ሴት በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ሰው ስላልሆነች መመረጥ አትችልም አሉ። ምክንያታቸው የሥራዋ ጥራት አልነበረም። ይኸው ማኅበር በ1906 ለቅስቱና በውኃ ዳር አሸዋ ላይ ስለሚሠሩ ሞገዶች ላደረገችው ምርምር የሂዩዝ ሜዳልያ ሸለማት። ሜዳልያው ይገባታል፣ ወንበሩ ግን አይገባትም ማለት ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአየር አዙሪት ፈጥሮ መርዛማ ጋዝን ከምሽግ የሚያባርር ማራገቢያ ሠራች፤ ከ100,000 በላይ ለወታደሮች ተሰጠ። ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ኖራ በ1923 አረፈች። ሮያል ሶሳይቲ ሴቶችን የተቀበለው በ1945 ነው።

እኛም ለመፍረድ አንቸኩል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተሰብ ራስ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ነበር፤ ፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ይህንን የሻረው በ1992 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ተሻሽሏል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሹመትና አባልነት ስንሰጥ፣ ሥራዋን እያደነቅን ወንበሩን የምንነፍጋት ሴት አለመኖሯን ማረጋገጥ ግን የእኛ ፈንታ ነው።