እቴጌ ጣይቱ እና የአዲስ አበባ አየር

የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም ሲነሳ ዓድዋ ይቀድማል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ሌላውን ሥራቸውን፣ የከተማ ቦታ በአየሩ መምረጣቸውን ነው።

በአባታቸው ከሰሜን መሳፍንት ወገን ስለሆኑ ለደጋ ብርድ እንግዳ አልነበሩም። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። ያኔ መናገሻው እንጦጦ ነው። እንጦጦ ለጦር ጥበቃ የተመቸ ቢሆንም ነፋሱና ክረምቱ ሰውን ያስመርራል፤ ማገዶውም እያለቀ ነበር። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ፍልውሃ እየወረደ መታጠብ ለመደ። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ እዚያው አካባቢ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ቀስ በቀስ ተከትለው ወረዱ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ያለ ቴርሞሜትር ነው! በቁጥር እንየው ካልን እንጦጦ ማርያም 3000 ሜትር ገደማ፣ ፍልውሃ ደግሞ 2350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀዘቅዝ ልዩነቱ 4 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። የእቴጌይቱ ቆዳ አልተሳሳተም ማለት ነው።

ከፍልውሃ ብዙ የማይርቀው የቂርቆሱ ካዛንቺስ ግን በከፍታ ብቻ አይሰላም። በአየር ትንበያ ሙያ ደንቡ ቴርሞሜትሩ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያሳልፍ ነጭ ሳጥን ውስጥ፣ ሣር ባለበት ገላጣ ቦታ ይቀመጥ ይላል። የሰፈሩ ሰው የሚውለው ደግሞ በአስፋልትና በሕንፃ መሃል ነው። ግንብ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። አንድ ገላጣ ሜዳ ላይ የተነበበ ቁጥር የዚያን መንደር ሌሊት አይነግረንም። አሮጌው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በስፋት ፈርሷል። ከመፍረሱ በፊት በየመንደሩ ካልተለካ፣ አዲሱ ግንባታ ሌሊቱን በስንት ዲግሪ እንደለወጠው በምን እናውቃለን? እኛም ሞቀ ብለን እንዘግባለን እንጂ ምን ያህል እንደሞቀ አንልም።

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ። የእቴጌነት ዘውድ የደፉት በ1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። የቆረቆሩት ከተማም በተራው ማገዶ ጨርሶ፣ ባሕር ዛፍ ደረሰለት። በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ሲሞቱ ደግሞ እንጦጦ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ ያንኑ ሸሽተውት የወረዱትን ብርድ አራት ዓመት ኖሩበት። እዚያው በየካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ። አስከሬናቸው በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ በአታ ቤተ ክርስቲያን፣ ከምኒልክ ጎን አረፈ።