ከጭስ ጉልበት የቀዳው መሃንዲስ፦ የቱርቦ አባት አልፍሬድ ቡኪ

ከናይሮቢ ተነስተው የሰሜን ኬንያን በረሃማ ሜዳ የሚያቋርጡ ከባድ መኪናዎች ሞያሌ ሲደርሱ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘዋል። ድንበሩን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ለሚዘልቁት ግን ከባዱ ዳገት ገና ከፊታቸው ነው። ሁለት አገራት የሚጋሯት ይህች ከተማ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች።

ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሞተር የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል፤ ባለ ቱርቦው ግን ጭነቱን እንደያዘ ዳገቱን ይወጣል።

ዳገት ላይ ከሞተሩ ድምፅ ጋር የሚሰማው ቀጭን ፉጨት የዚህ መሣሪያ ድምፅ ነው። የመሣሪያው ታሪክ ደግሞ ዓለም ሐሳቡን እስኪቀበለው ድረስ ሃያ ዓመት ከጠበቀ ሰው ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው። ይህ ሰው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ ነው።

ቡኪ እአአ በ1879 በስዊዘርላንዷ ቪንተርቱር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሱልዘር በተባለው ታዋቂ የማሽን ፋብሪካ ከፍተኛ ኃላፊ ስለነበሩ፣ ልጁ ያደገው የሞተርና የእንፋሎት ወሬ በማይጠፋበት ቤት ነው። የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊ የሆነው ሩዶልፍ ዲዝል በወጣትነቱ የተግባር ልምምድ ያደረገውም በዚሁ ፋብሪካ ነበር።

ቡኪ በዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ምሕንድስና አጥንቶ በ1903 ተመረቀ። ከዚያም በቤልጂየምና በእንግሊዝ ሠራ። በእነዚያ ዓመታት አእምሮውን የያዘው ጥያቄ አንድ ነበር። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ሲሶ የሚሆነው ከጭሱ ጋር ወጥቶ ይባክናል፤ ታዲያ ይህን ኃይል መልሶ ሥራ ላይ ማዋል አይቻልም ወይ?

መልሱን በ1905 በጀርመን የፓተንት መብት አስመዘገበው። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ተሽከርካሪ ጎማ ያዞራል። ያ ጎማ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ሌላ ጎማ ያሽከረክራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ በመሆኑም ሞተሩ መጠኑ ሳይጨምር ጉልበቱ ይጨምራል።

በወረቀት ላይ የሠመረው ሐሳብ በፋብሪካ ውስጥ ግን አስቸገረ። ቡኪ ወደ ሱልዘር ተመልሶ ከ1911 ጀምሮ ሙከራውን ቢቀጥልም፣ የዘመኑ ብረት የጭሱን ግለት አልቻለም። በ1915 ያቀረበው ናሙናም ለአገልግሎት አልበቃም። ሐሳቡን የተጠራጠሩ በዙ፤ ዓመታትም አለፉ።

በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ወደተባለ ተራራ አውጥቶ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ላይ በቱርቦ አስነስቶ ሞከረው። መሣሪያው የሳሳ አየርን ድክመት ማካካስ እንደሚችልም አሳየ።

የቡኪ ቀን የወጣው በ1925 ነው። ባለ አሥር ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በእርሱ ዘዴ ከ1 ሺህ 750 ወደ 2 ሺህ 500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ፤ ይህም ከ40 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር የሚንቀሳቀሱ ሁለት የጀርመን መንገደኛ መርከቦችም ባሕር ላይ ዋሉ።

ለስኬቱ ምክንያት የሆነው ትልቅ ቱርቦ መግጠሙ ብቻ አልነበረም። ቡኪ የጭሱን ምት ከቫልቮቹ መከፈቻና መዝጊያ ጊዜ ጋር አስማማ፤ ንጹሑ አየር የቀረውን ጭስ ጠርጎ እንዲያወጣና ሲሊንደሩንም እንዲያቀዘቅዝ አደረገ። ሞተሩና ቱርቦው እንደ አንድ አካል ተስማምተው መሠራት እንዳለባቸው ያስተማረውም ይህ ነው።

በ1938 ሳውረር የተባለው የስዊዘርላንድ ፋብሪካ ቱርቦን በጭነት መኪና ሞተር ላይ ገጠመ። ቡኪ ግን መሣሪያው በቤት መኪናዎች ላይ ሲሠራ ሳያይ በ1959 በተወለደባት ቪንተርቱር ዐረፈ። በፋብሪካ ደረጃ ተመርተው ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ የቤት መኪናዎች፣ የአሜሪካዎቹ ኦልድስሞቢልና ሼቭሮሌ ሥራዎች፣ የወጡት በ1962 ነበር።

ምሥራቅ አፍሪካ የቱርቦን አቅም በግልጽ ያየችው በኬንያው የሳፋሪ ራሊ ነው። በ1984 ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልዴጎርድ በባለ ቱርቦ ቶዮታ ሴሊካ አሸነፈ። መኪናው በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም ድሉን ደገመ። በአቧራ፣ በጭቃና በሙቀት መካከል በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በሚሸፍን ውድድር፣ ባለ ቱርቦ ሞተር ፈጣን ብቻ ሳይሆን ጽኑም ሊሆን እንደሚችል ታየ።

ዛሬ ባለ ቱርቦ መኪናቸው ይበልጥ እንዲፈጥን የሚሹ ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም። ግፊቱን ከፍ ማድረግ፣ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር በትልቅ መተካት፣ የጭስ መውጫውን ማስፋትና የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና ማስተካከል የተለመዱት መንገዶች ናቸው።

እያንዳንዱ ጭማሪ ግን ዋጋ አለው። ትልቅ ቱርቦ ከፍተኛ ጉልበት ቢሰጥም ክብደቱ ከፍ ስለሚል ዘግይቶ ይነቃል፤ ከቆመበት በፍጥነት መነሳት ለሚፈልግ ሰው አነስ ያለው ይሻላል። የቤንዚን ሞተር ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ፒስተኑን ይመታል። በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ አየሩን ሳያበዙ ነዳጅ ብቻ መጨመር ጥቁር ጭስና የሚያቀልጥ ሙቀት ያመጣል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮኑና ፍሬኑም ለአዲሱ ጉልበት መብቃት አለባቸው።

ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ባለው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ሰው ያልበዛበት መንገድ ላይ ሞተር ቢቃጠል፣ የሚከስረው የመኪናው ባለቤት ብቻ አይደለም። ሹፌሩና ረዳቱ በሐሩር መሐል ይቀራሉ፤ የሚበላሽ ዕቃ የጫነውም ነጋዴ ገበያው ያመልጠዋል።

የቡኪ ሕይወት የሚመሰክረውም ይህንኑ ነው። ጉልበት የመጨመሩን ሐሳብ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው አግኝቶታል። ያንን ጉልበት የሚሸከም ብረት፣ የሚያበርድ አየርና የሚያስማማ ልክ ለማግኘት ግን ሃያ ዓመት ፈጅቶበታል። በየጋራዡ በአንድ ቀን ሊታለፍ የሚሞከረው፣ እርሱ ያንን ሁሉ ዘመን የለፋበት ክፍል ነው።