ከአንዲት የድንች ፍሬ የተነሳው የጓሮ አዳቃይ፣ ሉተር በርባንክ

ድንች የሚያመርት አርሶ አደር ሁሉ አልፎ አልፎ በድንቹ ተክል አናት ላይ የምትንጠለጠል፣ ያልበሰለ ቲማቲም የምትመስል ክብ ፍሬ ያውቃል። ለዘር የሚያስቀምጣት ግን ማንም የለም። ለዘር የሚሆነው ከመሬት የሚወጣው ድንች ነው፤ እርሱም እንደ እናቱ ያለ ምርት ይሰጣል። ከፍሬዋ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ዘሮች ቢዘሩ ግን እያንዳንዱ የራሱ መልክና ጠባይ ያለው ድንች ይወጣዋል። ሉተር በርባንክ የተባለው አሜሪካዊ የዕድሜ ልክ ሥራውን የጀመረው ይህንኑ በመገንዘብ ነው።

በርባንክ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ላንካስተር በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1849 ዓ.ም. ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ለአባቱ 13ኛ ልጅ ነበር። ከፍተኛ ትምህርት አልተማረም። አባቱ ሲሞት በደረሰችው ውርስ ሉነንበርግ በተባለ ቦታ ሰባት ሄክታር ገደማ መሬት ገዝቶ አትክልት እያመረተ ለገበያ ማቅረብ ጀመረ። የቻርልስ ዳርዊንን የዕፅዋትና የቤት እንስሳት ዝርያ ጥናት ያነበበው በዚህ ወቅት ሲሆን፣ መጽሐፉ አስተሳሰቡን እንደለወጠው በኋላ ተናግሯል።

በ1872 ከአትክልቱ ውስጥ ኧርሊ ሮዝ በተባለ የድንች ዝርያ ላይ አንዲት ፍሬ አየ። ይህ ዝርያ ፍሬ የሚያፈራው ከስንት አንዴ ነው። እስክትበስል ሲጠብቃት አንድ ቀን ከግንዷ ላይ አጣት። ተስፋ ሳይቆርጥ ለቀናት መሬቱን ሲፈልግ ቆይቶ ወድቃ አገኛት። በውስጧ 23 ዘሮች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ዘራቸው፣ ሁሉም በቀሉ። አብዛኞቹ የማይረቡ ሆኑ፤ አንዱ ግን ትላልቅና ለስላሳ ድንቾችን በብዛት ሰጠ። በርባንክ ይህን ዝርያ ግሪጎሪ ለተባለ የዘር ነጋዴ 500 ዶላር ጠይቆ በ150 ዶላር ሸጠው። ለራሱ የቀሩለት አሥር ድንቾች ብቻ ነበሩ። ከዚሁ ዝርያ በኋላ የተገኘው፣ ልጣጩ ሸካራና ቡናማ የሆነው ራሰት በርባንክ በአሜሪካ በስፋት ከሚመረቱት ድንቾች አንዱ ሆኖ ዘልቋል።

አሥሩን ድንቾች ይዞ በ1875 ወንድሞቹ ቀድመውት ወደሄዱበት ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ። በሳንታ ሮዛ ከተማ በቀን ሥራ ተዳደረ፣ ታመመ፣ ተራበ። ቆይቶ የከፈተው የችግኝ ጣቢያ በ1877 ያስገኘለት ሽያጭ 15 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር።

ስሙ የወጣው በ1881 ነው። አንድ የፔታሉማ ባለሀብት ለማድረቅ የሚሆን የፕሪም ዛፍ 20 ሺህ ችግኝ በዚያው ዓመት መጨረሻ እንዲደርስለት ፈለገ። ለዚህ ሥራ ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ እንደማይበቃ ማንኛውም ባለሙያ ይናገር ነበር። በርባንክ የአልመንድ ዘር ከፕሪም ቶሎ እንደሚበቅል ያውቅ ነበርና በአሸዋ ላይ ዘርግቶ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ አበቀለው። የአልመንዱ ችግኝ ሲጠነክር ቅርፊቱን ሰንጥቆ የፕሪሙን እንቡጥ አስገባና አሰረው። እንቡጡ ሲይዝ የአልመንዱን ጫፍ ሙሉ በሙሉ አልቆረጠም፤ አጠፈው እንጂ፤ ይህም ሥሩ ምግብ እንዳያጣ ነው። በቀኑ ከ19 ሺህ በላይ ችግኝ አስረከበ።

ከዚያ በኋላ በሳንታ ሮዛ ካለው ቤቱ ጓሮና በ1885 በሴባስቶፖል አጠገብ ከገዛው ጎልድ ሪጅ ከተባለው እርሻው አልወጣም ማለት ይቻላል። ሥራው የአንዱን አበባ ብናኝ በሌላው ላይ ማድረግ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ችግኞችን ማብቀልና ከነዚያ መካከል አንዱን ወይም ሁለቱን መምረጥ ነበር። የቀሩትን ያቃጥላቸዋል። ከተለያዩ አገሮች የመጡ የአበባ ዓይነቶችን ለ17 ዓመት ያህል አዳቅሎ በ1901 ሻስታ ዴዚ የተባለውን ነጭ አበባ አወጣ። ፕሪምን ከአፕሪኮት አዳቀለ። ሳንታ ሮዛ የተባለውን ፕሪም በ1906 አቀረበ። ያወጣቸው ዝርያዎች ከ800 በላይ እንደሆኑ ይነገራል።

እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይቻልም። ካርኔጊ ተቋም ከ1905 ጀምሮ በዓመት 10 ሺህ ዶላር እየሰጠ ዘዴውን የሚመዘግብ ጆርጅ ሸል የተባለ ሳይንቲስት ላከለት። ሸል ግን የሚያገላብጠው በቂ መዝገብ አጣ። በርባንክ የትኛው ከየትኛው እንደተዳቀለ በወጉ አይጽፍም፤ ዓይኑንና ትውስታውን ያምን ነበር። ድጋፉ በ1909 ተቋረጠ። ይኸው ሸል በበቆሎ ላይ ባደረገው ጥናት፣ ዛሬ አርሶ አደራችን ለሚያውቀው ድቅል በቆሎ መሠረት ከጣሉት አንዱ ሆኗል።

ከዚህ የከፋው የበለስ ነገር ነው። እሾህ የሌለው በለስ ለደረቅ አካባቢ መኖ እንዲሆን ብዙ ዓመት ደክሞበታል። በትግራይና በወሎ ከብት በለስ ሲበላ ያየ ሰው ሐሳቡ ከንቱ እንዳልሆነ ይረዳል። ይሁን እንጂ ተክሉ ብርድ አይችልም፤ እሾህ ስለሌለውም አጥር ካልተደረገለት እንስሳት ይጨርሱታል። በ1912 በስሙ አክሲዮን ሸጦ የተቋቋመ ኩባንያ ዘሩን ማከፋፈል ያዘ። ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ሲበልጥ የኩባንያው ሰዎች ተራውን በለስ እሾሁን እየፋቁ ሸጡ፤ ገበሬው ሲተክለው እሾሁ ተመልሶ በቀለ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። በርባንክ ፍቁን አልፋቀም፤ ስሙን ለማያውቃቸው ነጋዴዎች አሳልፎ በመስጠቱ ግን ከወቀሳው አላመለጠም።

ዘመኑን ሙሉ ያብሰለሰለው ጉዳይ ሌላ ነበር። የማሽን ፈጣሪ በሕግ ሲጠበቅ አዲስ ዝርያ ያወጣ ሰው ግን የመጀመሪያዋን ችግኝ ከሸጠ በኋላ ማንም እያባዛ ቢነግድበት የሚጠይቅለት አልነበረም። ስለዚህም አዲስ ዝርያን ከነመብቱ በአንድ ጊዜ፣ ለአንድ ገዢ መሸጥ ልማዱ ሆነ።

ሚያዝያ 1926 ሞተ፤ በሳንታ ሮዛ ቤቱ አጠገብ ባለ የሊባኖስ ዝግባ ሥር ተቀበረ። የአሜሪካ ምክር ቤት የዕፅዋት ፈጠራ መብት ሕግን ያጸደቀው በ1930፣ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ወዳጁ ቶማስ ኤዲሰንም ሕጉን ደግፏል። በስሙም 16 መብቶች ተመዘገቡ። ሕጉ ግን እንደ ድንች ከመሬት በሚወጣው አካላቸው የሚባዙ ተክሎችን አያካትትም፤ የሚበላውና የሚተከለው አንድ ነውና። ስለዚህ በርባንክ በሕይወት ኖሮ ሕጉን ቢያይም እንኳ ከድንቹ የሚያገኘው ያው 150 ዶላር ነበር።