ድሜጥሮስና አልቦ

በመካከላችን ክርክር በተነሣ ቍጥር፣ አባቶቻችን ዜሮ ስላልነበራቸው ሒሳብ አያውቁም ነበር የሚል ወገን አይጠፋም። ወገኑ ግማሽ እውነት ይዟል፤ በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም። ዐሥሩም መቶውም የየራሳቸው መልክ ስላላቸው ባዶ ቦታ የሚጠብቅ ምልክት አላስፈለገም። 2006 ሲጻፍ ፳፻፮ ነው፤ በመካከሉ የጐደለ ነገር የለም። ነገር ግን የምልክቱ አለመኖር የአሳቡ አለመኖር ነውን? ለዚህ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት የድሜጥሮስን ሕይወት መመልከት ይበጃል። በዕንቁጣጣሽ በአራዳ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላው ደብር የሚታወጀውን የአጽዋማትና የበዓላት ቍጥር ትውፊታችን የሚሰጠው ለእርሱ ነውና።

ድሜጥሮስ የወይን አትክልተኛ ነበር፤ ትውፊቱም ያልተማረ ባላገር ያደርገዋል። ዐሥራ አንደኛው ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ ሊያርፍ ሲል፣ ያለ ወራቱ ወይን ይዞ የሚመጣ ሰው እንደሚተካው በራእይ ተነግሮት ነበርና፣ ድሜጥሮስ ያገኘውን ዘለላ ለበረከት ይዞ ብቅ ሲል ተያዘ። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ189 ገደማ ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በመንበሩ ተቀመጠ። ባለ ሚስት ስለ ነበረ ሕዝቡ አጕረመረመ፤ እርሱም በልብሱና በልብሷ የእሳት ፍም ይዞ ሳይቃጠሉ በማሳየት ሁለቱም በድንግልና መኖራቸውን ገለጠ ይባላል። ኦሪገንን ገና በወጣትነቱ የትምህርት ቤት አለቃ ያደረገው፣ በኋላም ተጣልቶ ያሳደደው እርሱ ነው፤ ያ ጠብ ለሌላ ቀን ይቈየን።

ጭንቀቱ የቀን ጕዳይ ነበር። ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር፤ ጨረቃና ፀሐይ ግን አይስማሙም። እንደ ትውፊቱ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ እንዲይዝ ተነገረው። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ቢገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ 30 ቢወጣ 19 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው ዘወትር 30 ናቸው።

አሁን ወደ ባዶው እንምጣ። 2006ን ከ5500 ጋር ብንደምር 7506 ይሆናል፤ በ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል። አንዱ ለዘመን ሲታተት ወንበሩ ባዶ ነው። ሊቃውንቱ በዚህ ጊዜ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነው ይላሉ። በዜሮ የለመደ ተማሪ ግን 19ን በዜሮ አባዝቶ መጥቅዑንም ዜሮ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ በዓለ መጥቅዕን የሚያውልበት ቀን ያጣል፤ የወር ዜሮኛ ቀን የለምና። በሊቃውንቱ መንገድ መስከረም 30 ሐሙስ ዋለ፤ የሐሙስ ተውሳክ 3 ነው፤ ነነዌ የካቲት 3፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ሆነ። በዚያ ዓመት እንዲሁ ተጾመ፣ እንዲሁ ተፈሰከ።

እንግዲህ ዜሮ ሥራ ያለው ቍጥር ነው። የፒያሳ ወርቅ ሻጭ በዋጋው ቀኝ አንድ ዜሮ ቢጨምር ወርቁ ዐሥር እጥፍ ይወደዳል። ከዚያ ቤት ወጥቶ ኪሱን የሚዳብስ ተማሪ የሚያገኘው ግን አልቦ ነው። አልቦ አይባዛም፤ ምንም አለመኖሩን ብቻ ይናገራል። ይሁን እንጂ ባዶውም ስም አያጣም፤ ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዘመኑ የዮሐንስ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በሮም የነበረው መነኵሴ ዲዮናስዮስ በ525 የፋሲካ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ፣ በባዶው አበቅቴ ስፍራ የጻፈው ምልክት ሳይሆን ምንም የለም የሚል የላቲን ቃል ነው። የዜሮን የመደመርና የመቀነስ ሕግ የህንዱ ብራህማጉፕታ የጻፈው ከዚያ በኋላ፣ በ628 ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች የ19ኙን ዓመት ዙር የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 እንዳወቀው፣ ለፋሲካም ያዋለው ከድሜጥሮስ በኋላ የተነሣው አናቶልዮስ እንደሆነ ይጽፋሉ። እኛ በዚህ አንከራከርም፤ ሒሳቡ በማንም ስም ቢጠራ ይሠራልና። ድሜጥሮስ ጥቅምት 12 ቀን ይታሰባል። ወንበሩ ዳግመኛ አልቦ የሚሆነው በ2025 ዓ.ም. ነው።