ከመጽሐፍ ጠራዥነት እስከ ሕዝብ መምህርነት፤ የማይክል ፋራዴይ ሕይወት

በቆቃም ሆነ በሌላ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ የሚሽከረከረው ጄኔሬተር የተመሠረተበትን ሕግ ያገኘው ሰው የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ እንደነበረ ከመካከላችን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ማይክል ፋራዴይ የተወለደው በ1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቤተሰቡ ድኻ ስለነበረ ትምህርቱ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመቁጠር ብዙም አላለፈም። በ14 ዓመቱ በአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ፤ በዚያም ሰባት ዓመት ቆየ። ይሁን እንጂ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበር። በተለይም ጄን ማርሴት ለጀማሪዎች ያዘጋጀችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ የወደፊት መንገዱን አመለከተው።

ከ1810 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣት የእጅ ባለሙያዎች ተሰባስበው ሳይንስ በሚማማሩበት ማኅበር ይገኝ ጀመር። የመግቢያው ዋጋ አንድ ሺሊንግ ሲሆን፣ ይህንኑ የሚከፍልለት ታላቅ ወንድሙ ነበር። በ1812 ዓ.ም. የመጽሐፍ ቤቱ ደንበኛ በሰጠው ትኬት የሰር ሃምፍሪ ዴቪን አራት ንግግሮች በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳመጠ። የያዘውን ማስታወሻ በሥዕል አስጊጦ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በመጋቢት 1813 ዓ.ም. የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በ1831 ዓ.ም. በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦዎችን ጠምጥሞ፣ በአንደኛው ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲጀምርና ሲቋረጥ በሁለተኛውም ለቅጽበት ፍሰት እንደሚፈጠር አረጋገጠ። ትራንስፎርመርም ጄኔሬተርም ከዚህ ግኝት የመነጩ ናቸው።

ነገር ግን ፋራዴይ የተከፈተለትን በር ከኋላው አልዘጋም። በ1825 ዓ.ም. የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከሆነ በኋላ የዓርብ ምሽት ንግግሮች እንዲስፋፉ ደከመ። በዚያው ዓመት ለወጣቶች የተጀመረውን የገና ሰሞን ትምህርት ከ1827 እስከ 1861 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ እርሱ ራሱ 19 ጊዜ ሰጠ። ከሁሉ የታወቀው ስለ ሻማ የሰጠው ነው። በነበልባሉ መካከል የመስታወት ቱቦ አስገብቶ፣ በቱቦው የወጣውን የሰም እንፋሎት በሌላው ጫፍ አቀጣጠለ። ከሻማው የሚወጣው አየር የኖራን ውሃ እንደሚያነጣ ካሳየ በኋላ፣ የሰው እስትንፋስም እንዲሁ እንደሚያደርግ አሳይቶ ልጆቹን ወደ ራሳቸው ሰውነት መለሳቸው።

ይህ ችሎታ አብሮት የተወለደ አልነበረም። የአነጋገር ትምህርት በክፍያ ተምሯል፤ ሲቸኩል ረጋ እንዲል የሚያስታውሰውን ካርድ ረዳቱ በፊቱ እንዲያስቀምጥለት ያደርግ ነበር። የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ በሄደ ጊዜ፣ በ1861 ዓ.ም. የወጣቶቹን ትምህርት ለሌሎች አስረከበ። በ1862 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች ጉዳይ በተቋቋመ የመንግሥት ኮሚሽን ፊት ቀርቦ የተፈጥሮ ሳይንስ ለተማሪዎች እንዲሰጥ ተከራከረ። በ1867 ዓ.ም. ዐረፈ፤ የገናው ትምህርት ግን በሌሎች ሊቃውንት እጅ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

እኛ መሐንዲሶች አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው እርስ በርሳችን ለመነባበብ ነው። ለሰፈራችን ተማሪ አንድ ሰዓት መስጠትን ከሥራችን ውጭ አድርገን እንቆጥረዋለን። ፋራዴይን ከመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ያወጣው ግን የአንድ ሺሊንግ መግቢያና በነጻ የተሰጠ ትኬት መሆኑን ስናስብ፣ ይህ አቆጣጠራችን ትክክል መሆኑን ደግመን ልንመረምር ይገባናል።